ቬሎሶሌክስ በበረዶ ወራት

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በፈረንሳይ አገር ቤንዚን በራሽን የሚታደል፣ አውቶሞቢልም ለሠራተኛው የማይደፈር ንብረት ነበር። በካርቡራቶር ሥራው የታወቀው የሶሌክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬሎሶሌክስ የተባለውን ባለሞተር ቢስክሌት ለገበያ ያቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። 45 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያላት ባለሁለት ምት ሞተር ከፊተኛው መንኰራኩር በላይ ተቀምጣ፣ በሮለር አማካይነት ጎማውን በቀጥታ ታሽከረክራለች። ከሞተሩ የሚወጣ ካቴና የለ፣ ማርሽም የለ። ነጂው በፔዳል ይነሣና ሞተሩን ጎማው ላይ ያሳርፋል፤ ሲያሻውም በእጀታ መልሶ ያነሣዋል። ለደረቅ መንገድ ከዚህ የቀለለ መፍትሔ ማሰብ ያስቸግራል።

ነገሩ የሚከብደው በረዶ ሲጥል ነው። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም መሬት ላይ የረጋውንም በረዶ ይለዋል፤ ለቬሎሶሌክስ ነጂ ግን ሁለቱ ለየቅል ነበሩ። አዲስ የጣለው አመዳይ በሮለሩና በጎማው መካከል ገብቶ ይቀልጣል፤ ሮለሩ ይንሸራተታል፣ ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል፣ ጉዞው ይቆማል። ይህ ነጂውን ቢያስረፍደው ነው። የሚጥለው የረጋው በረዶ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ 0.7 ገደማ የሚሆነው የሰበቃ መጠን በዚህ ላይ እስከ 0.1 ይወርዳል። ጎማ መሬትን የሚጨብጥበት ኃይል ውሱን ስለሆነ፣ ለመጎተት ከዋለው የተረፈው ብቻ ለመታጠፍ ይሆናል። በቬሎሶሌክስ ደግሞ የሚጎትተውም የሚመራውም ያው አንዱ መንኰራኩር ነው፤ በሞተሩ ኃይል በባዶ የዞረ እንደሆነ መሪውም አብሮ ይከዳል። የኋላው ቢንሸራተት ነጂው ሚዛኑን ለመመለስ ፋታ ያገኛል፤ የፊተኛው ግን ፋታ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1956 በአውሮፓ ላይ የወረደው ቁር በደቡብ ፈረንሳይ የወይራ ዛፎችን ሳይቀር አድርቋል። በእንዲህ ያለው ወቅት ከሥራ መቅረት ለማይችል ሰው የሚያዋጣው፣ ሞተሩን ከጎማው አንሥቶ ኃይሉን በፔዳል ወደ ኋላው መንኰራኩር መመለስ ነበር። የሞተሩ ክብደት ከፊት ባይቀርም፣ የፊተኛው ጎማ ጭብጥ በሙሉ ለመሪው ይተርፋል። መሐንዲሶቹ ለመነሻና ለዳገት ያስቀመጡት ፔዳል በበረዶ ላይ ዋነኛው መሣሪያ ሆነ።

ሞተሩን በቋሚነት ከኋላው መንኰራኩር ጋር በካቴና ያገናኙም ነበሩ። በ1953 በጀርመን የወጣው ኤን ኤስ ዩ ክዊክሊ፣ ሁለት ማርሽ የተገጠመለት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከበረዶው አንጻር የተሻለው አቀማመጥ ይህ ነው፤ በዋጋና በቅለት ግን ሮለሩ አልተረታም። ቬሎሶሌክስ በፈረንሳይ ፋብሪካ ሥራው እስካቆመበት እስከ 1988 ድረስ ሞተሩን ከፊት እንደተሸከመ በሚሊዮን ተቆጥሮ ተሽጧል።