ኢንሱሊን

ኢንሱሊን ከጨጓራ ጀርባ የሚገኘው ቆሽት የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ማለትም በደም እየተጓዘ ለሕዋሳት ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። እንጀራ ተበልቶ ስታርቹ ወደ ግሉኮስ፣ በተለምዶ የደም ስኳር ወደሚባለው፣ ሲለወጥ ኢንሱሊን የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ስኳሩን እንዲያስገቡ፣ ጉበትም ትርፉን ግላይኮጅን በተባለ መልክ እንዲያከማች ያደርጋል፤ የተጠራቀመ ስብ እንዳይሟሟም ይገታል። በዚህ የተነሣ «አወፋሪ ሆርሞን» መባሉ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ካልተበላ ኢንሱሊን ብቻውን ስብ አያከማችም። በስኳር ሕመም ኢንሱሊን በእጅጉ ሲጎድል ደግሞ ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ ስለሚያፈርስ፣ ታማሚው እየበላም ይከሳል። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ታማሚዎች ቀጫጭን መሆናቸው በጥናት መታየቱ፣ የስኳር ሕመም የወፍራም ሰው በሽታ ብቻ ነው የሚለውን እምነት ያፈርሳል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ዓይነት ዕውቅና ሰጥቷል። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ስኳር ስለሚስብ፣ በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ለታማሚው ይጠቅማል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ጣፋጭ ነገር ሳይዝ ባይወጣ ይመረጣል።