ቆመህ ጠብቀኝ

በልጅነቴ ክረምቱን የማሳልፈው ሰላ ድንጋይ፣ በእናቴ አባት ቤት ነበር። ከቤቱ ምሰሶ ላይ አንድ ረጅም ጠመንጃ ተሰቅሎ አስታውሳለሁ፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፣ ቃታው የደረቀ፣ አፈሙዙ የልጅ ጣት የሚያስገባ። አያቴ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉታል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ዳግመኛ እስኪጎርስ ድረስ ጠላትም ሆነ አውሬ ቆሞ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። አንድ ቀን «አባቴ ድኩላ ይገድልበት ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ቆላ ወርዶ ጎሽ ስለ ገደለ አንድ ዘመዳቸው ግን ሠርግ በመጣ ቁጥር ይፎከር ነበር።

ለምን ለጎሹ ፉከራ፣ ለድኩላው ዝምታ ሆነ? ጥያቄው አድጌም አልለቀቀኝ።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ልናገር። በትርጉም መጻሕፍት «አጋዘን» እየተባለ የሚመጣው የፈረንጅ አገር እንስሳ፣ ያ በየዓመቱ ቀንዱን የሚያረግፈው፣ በአገራችን የለም። የእርሱ ዘር በአፍሪካ የሚገኘው በሰሜኑ ዳርቻ፣ እንደ አልጄሪያና ቱኒዝያ ባለ ደን ነው። የእኛዎቹ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ቀንዳቸውን አንድ ጊዜ አብቅለው እስከ ሞት ድረስ ይሸከሙታል። ከእነዚህ መካከል የደጋው ድኩላ የተለየ ነው፤ ወንዱ ጠጉሩ የረዘመ፣ መልኩም ወደ ጥቁርነት ያደላ ነው። የእንስሳት ሊቃውንት በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሰይመውታል። ዛሬም በወፍ ዋሻ ደን ይገኛል።

ሰላ ድንጋይ የዛሬ መንገደኛ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሲሄድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847፤ ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ግን የንጉሡ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች። ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ወደ ጎንደር ሲጓዝ እዚሁ አልፎ እቴጌይቱን አግኝቷቸዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1841፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ለንጉሡ 300 ጠመንጃ ከነሳንጃውና ሁለት መድፍ አበርክቶ ነበር። ሃሪስ ራሱ የታወቀ አዳኝ ነው፤ ስለ ደቡብ አፍሪካ አደኑ መጽሐፍ ጽፎ ስሙን የተከለ። በሸዋም ዝሆን ገደለ፤ ንጉሡም እንደ አገሩ ልማድ እንደ ጀግና አከበሩት።

የጥያቄዬ መልስ ከዚህ ይጀምራል። በአገራችን ግዳይ የሚባለው ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ ነው። ገዳዩ ይሸለማል፣ ይዘፈንለታል፣ ስሙ በመጽሐፍ ይገባል። ድኩላ ግን ሥጋ ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ፣ ሃይማኖቱ የማይከለክለው ንጹሕ ሥጋ፤ የገደለውም ሰው የሚያገኘው እራት ነው። ስለዚህ የነፍጥ ታሪካችን የተጻፈው በእጅ መንሻና በጦርነት ቆጠራ ሆነ። ስንት መቶ ጠመንጃ ከየት እንደ መጣ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደ ጮኸ እናውቃለን። ያው ጠመንጃ ከዘመቻ መልስ ገበሬው ቤት ምን ይሠራ እንደ ነበር የጻፈ አላጋጠመኝም።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ባሩዱ ድኝ፣ ከሰልና ከአፈር ታጥቦ የሚነጠር ነጭ ጨው ተመጥኖ የሚወቀጥ ነው። አዳኙ ከቀንድ ዕቃው ለክቶ በአፈሙዙ ያፈሳል፤ ጨርቅ ይከታል፤ የእርሳስ አረሩን ያገባል፤ በዘንግ ይጠቀጥቃል። የጥንቱ ባለ ክር ነፍጥ ከሆነ ደግሞ ክሩ እየጨሰ መያዝ አለበት። ድኩላ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው የሚኖር እንስሳ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ነፋሱ ፊቱን የመለሰ እንደ ሆነ አዳኙ ገና ሳያነጣጥር አደኑ አልቋል። በመዶሻው ሥር ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚደረግበት ጠመንጃ ሲመጣ ጭሱ ቀረ፤ የጉርሻው ቁጥር ግን ያው አንድ ነው። አረሩ ሃምሳና ስልሳ እርምጃ ካለፈ አይታመንም። ከሳተ እንደገና እስኪያጎርስ ድኩላው ገደሉን ወርዶ በጫካው ውስጥ ተሰውሯል።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። የሰላ ድንጋይን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤት ድረስ ይገባል፣ ባሩድ ይረጥባል። ክረምቱ ሲወጣ እስከ ኅዳር አጋማሽ ጥቂት ሳምንት ይገኛል፤ ከዚያ የነቢያት ጾም እስከ ገና፣ ከገና በኋላ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያም ሃምሳ አምስቱ ቀን ዐቢይ ጾም ነው። በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ አለ። ደረቅ ሆኖ ጾም ያልሆነውን ቀን ስቆጥረው ድኩላውን ከሰው የጠበቀው ከአዋጅ በፊት ጉሙና ጾሙ ይመስለኛል።

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ወደ ሸዋ በብዛት ከገባባቸው የመጨረሻ ጊዜያት አንዱ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንግዳ አይደለም። በየካቲት 1887 አንኮበር የደረሰው ቅፍለት ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ጭኖ ነበር፤ በአውሮፓ ያረጀ፣ ከገበያ የወጣ፣ ባለ መዳብ ቆብ ጠመንጃ። የቅፍለቱ መሪ አርተር ረምቦ ነው፤ ግጥም በሃያዎቹ መጀመሪያ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ። ምኒልክም በእንጦጦ ዋጋውን እስኪያመው ድረስ ቀነሱበት። የእኛ ቤቱ ከእነዚያ አንዱ ነው ብዬ አልፎክርም፤ መዶሻው ግን እንደ እነርሱ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሰናድሩና ውጅግራው አገሩን ሞላው፤ አሮጌውም ከጦር ሜዳ ወደ ምሰሶ ወጣ። አደንን በፈቃድ የወሰነው አዋጅ በ1944 ሲታወጅ የአያቴ አባት ጠመንጃ ድምፁን ካጠፋ ቆይቶ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሰላ ድንጋይ ተመልሼ ነበር። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ምሰሶው ባዶ ነው። ማታ አክስቴ እሳት ስታቀጣጥል አንድ ረጅም የብረት ቱቦ አፏ ላይ አድርጋ እፍ ስትል አየሁ። ድፍኑ ጫፍ ተቆርጧል፤ አፈሙዙ ግን ያው ነው።

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ የአያትሽ ጠመንጃ ነው። ድኩላ ይገድሉበት ነበር» አልኋት።

ቱቦውን ከአፏ አንሥታ ጭሱን በእጇ እየገፋች «ስንት ገደሉበት?» አለችኝ።