የቡድሃ ታሪክ በግእዝ፦ ከሂማላያ ግርጌ እስከ ደብረ ሊባኖስ

ዛሬ ከዕለቱ ዜና ትንሽ ፈቀቅ ብለን የቆየ ታሪክ እናውራ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ሆዱን ገልጦ የሚስቅ፣ ራሱ መላጣ የሆነ ትንሽ ምስል ተቀምጧል። ባለቤቱን ስጠይቀው «ገበያ ይጠራል ብለው ሰጡኝ» አለኝ። አጠገባችን የነበሩ አንድ መሪጌታ «ጣዖት ነው፤ አንሣው» አሉት። እኔ ደግሞ ተማርኩ ባይ ነኝና «ቡድሃ ነው» አልኩ። ባለቤቱ ደነገጠ፦ «ቡዳ?»

ቡዳም አይደለም፣ ቡድሃም አይደለም። በኋላ ሳጣራ ምስሉ ቡዳይ የሚባል፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቻይና ውስጥ እንደኖረ የሚነገርለት መነኩሴ ሆኖ አገኘሁት። «ቡድሃ» ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ በሳንስክሪት «የነቃ» ማለት ነው። የበለጠ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የእውነተኛው ቡድሃ የሕይወት ታሪክ ዛሬ በፕላስቲክ ምስል ሳይሆን ከ470 ዓመት በፊት በብራና፣ በግእዝ ተጽፎ አገራችን ገብቷል።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ሲድሃርታ ጋውታማ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ወይም በ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር ሉምቢኒ በተባለ ቦታ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው የገዢ ልጅ ነበር። «ይህ ልጅ ይመንናል» የሚል ትንቢት ስለተነገረ አባቱ እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን እንዳያይ በድሎት አጥሮ አሳደገው። ልጁ ግን አንድ ቀን ከግቢው ወጣ። ሽማግሌ አየ፣ በሽተኛ አየ፣ አስከሬን አየ፣ በመጨረሻም አንድ መናኝ አየ። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ በሌሊት ወጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሰሜን ሕንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ላይ ከዛፍ ሥር እንደተቀመጠ «ነቃ» ይላሉ ተከታዮቹ። በ80 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ እየዞረ አስተማረ።

ይህን ለጎጃም ሰው መንገር አያስቸግርም። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራውን ትቶ የመነነውን የንጉሥ ልጅ ገብረ ክርስቶስን ጥቅምት 14 ቀን የምናስብ ሕዝብ ነን። የቡድሃ መነኮሳት በታይላንድ ወይም በበርማ በየማለዳው ባዶ እግራቸውን ሳህን ይዘው ምግብ ሲቀበሉ ያየ ቡሬ አካባቢ ያደገ ሰውም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ ማስታወሱ አይቀርም።

ትምህርቱ ግን ሌላ ነው፤ ማምታታት አይገባም። ቡድሂዝም ዓለምን ስለፈጠረ አምላክ አያስተምርም፤ ዘላለማዊ ነፍስ አለች አይልም። ፍጡር በሥራው ውጤት እየተነዳ ደጋግሞ ይወለዳል፤ ከዚህ አዙሪት መውጣት «ኒርቫና» ይባላል። መሠረቱ አራት እውነቶች ናቸው፦ ሕይወት ሥቃይ አለባት፤ የሥቃዩ ሥር የማይጠግብ ምኞት ነው፤ ምኞቱ ሲከስም ሥቃዩ ይቆማል፤ ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። አመለካከትን፣ ሐሳብን፣ ንግግርን፣ ተግባርን፣ መተዳደሪያን፣ ጥረትን፣ ማስተዋልንና ተመስጦን ማቅናት ነው።

ይህ ትምህርት የመንግሥት ጉልበት ያገኘው ከጦርነት ማግስት ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አሾካ የተባለው የሕንድ ንጉሥ ካሊንጋን ወግቶ አሸነፈ። ከዚያ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው አዋጅ 100,000 ሰው እንደተገደለ፣ 150,000 እንደተጋዘ ራሱ ተናዘዘ፤ መጸጸቱንም ጻፈ። አሸንፎ የተጸጸተ ንጉሥ በታሪክ ብዙ አይገኝም። በዚያው አዋጅ የግብፁን በጥሊሞስ ጨምሮ እስከ ሜዲትራንያን ያሉ ነገሥታትን በስም ይጠቅሳል። ቡድሂዝም ወደ ስሪላንካ፣ በኋላም ወደ በርማ፣ ታይላንድና ካምቦዲያ ተሻገረ፤ በመካከለኛው እስያ አድርጎ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ደረሰ፤ ቲቤትንና ሞንጎሊያን ወረሰ። በዓለም ላይ ዓመቱ ተጽፎበት የተገኘው የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ868 ቻይና ውስጥ የታተመ የቡድሂስቶች መጽሐፍ ነው።

እኛስ? በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች ከሰሜን ሕንድ እስከ መካከለኛው እስያ የገዙ፣ በዘመናቸው ቡድሂዝም ወደ ቻይና የተሻገረባቸው ናቸው። ወርቃቸው እኛ ተራራ ላይ መገኘቱ የአክሱም ዘመን ሰው ከሕንድ ጋር ምን ያህል ይገበያይ እንደነበር ይመሰክራል።

ከወርቁ በኋላ ታሪኩ መጣ። የቡድሃ ሕይወት ከሕንድ ወጥቶ በፋርስ በኩል ዐረብኛ ገባ። «ቦዲሳትቫ» የሚለው ማዕረግ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ የ«ባ»ን አንድ ነጥብ የ«ያ» ሁለት ነጥብ አድርጎ የገለበጠ ጸሐፊ ደግሞ «ዩዳሳፍ» አደረገው። ጆርጂያውያን ታሪኩን ወደ ክርስትና መለሱት፤ ንጉሡ የደበቀው ልጅ በረላም የተባለ መናኝ አስተምሮት ክርስቲያን የሚሆን ልዑል ሆነ። ከጆርጂያኛ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ላቲንና ወደ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ተተረጎመ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቅዱሳን መዝገቧ አስገባቻቸው። የአውሮፓ ሊቃውንት የታሪኩን ሥር በማስረጃ ያረጋገጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። በ1923 በእንግሊዝ አገር ከትርጉም ጋር ታትሟል። ውስጡ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ሰው አውሬ ሲያባርረው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ የዛፉን ሥር ነጭና ጥቁር አይጥ፣ ማለት ቀንና ሌሊት፣ ይቆረጥማሉ። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የምትንጠባጠበውን ማር እየላሰ ሁሉንም ረስቶታል። የማር አገር ሰዎች ስለሆንን በደንብ ይገባናል።

ተርጓሚው ማን ነበሩ? እጨጌ እንባቆም። ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ፣ እዚህ ተጠምቀው የመነኮሱ፣ በደብረ ሊባኖስ ወንበር የተቀመጡ ብቸኛው የውጭ አገር ተወላጅ። ደብረ ሊባኖስ በግራኝ ጦርነት ሲቃጠል በሕይወት ነበሩ። «አንቀጸ አሚን» የተሰኘውን ደብዳቤያቸውን የጻፉት ለኢማም አሕመድ ለራሳቸው ነው፤ ቁርኣንን እየጠቀሱ ይከራከራሉ፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳያቃጥሉ ይለምናሉ። አገሩ ገና ከአመድ ሳይነሣ እኒህ ሰው ብራና ዘርግተው የሩቅ አገር ታሪክ ተረጎሙ።

ይህን የምጽፈው መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት ጊዜ፣ ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ከሆነ ከተማ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ቃል ከመተንፈሱ በፊት «የየት አገር ሰው ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። እንባቆም በዚህ ጥያቄ ቢመለሱ ኖሮ ያ መጽሐፍ አይኖረንም ነበር። የምንኮራበት የግእዝ ሀብት በከፊል የመጤ እጅ ሥራ ነው፤ የተሠራውም በክፉ ዘመን ነው። በየገዳሙ መጽሐፍ ቤት ያለው ብራና ከእሳትና ከሌባ ካልተጠበቀ ደግሞ የሚጠፋው የእኛ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት መሪጌታን እዚያው ቡና ቤት አገኘኋቸውና የይዋስፍን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። የቡድሃን ስም ስጠራ ፊታቸው ቅጭም አለ፤ እጨጌ እንባቆም ላይ ስደርስ ግን ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እምነቱ የእኛ አይደለም» አሉ። «አይደለም» አልኩ። ትንሽ ቆይተው «መጽሐፉ ግን የእኛ ነው፤ የት ይገኛል?» አሉኝ።

እኔም ጥያቄውን ወደ እናንተ አሻግሬዋለሁ። በአካባቢያችሁ ገዳም ወይም ደብር «በረላም ወይዋስፍ» እንዳለ አባቶችን ጠይቁልኝ።

ቸር ያሰማን!