በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ቁጠባ ዙሪያ የሚታዩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ኤሌክትሪክ መቆጠብ ሲባል በርካታ ደንበኞች ቅድሚያ የሚሰጡት አምፖል ለማጥፋት ነው። አመለካከቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በ2001 ዓ.ም. በአገሪቱ የኃይል እጥረት ተከስቶ መብራት በፈረቃ ይዳረስ በነበረበት ወቅት ባለ 60 ዋቱን አምፖል በኃይል ቆጣቢ መተካት ጉልህ ጠቀሜታ ነበረው። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በሚበራበት ቤት ግን ስሌቱ የተለየ ነው።

3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ኃይል ባለ 10 ዋቱን አምፖል በየምሽቱ ለአምስት ሰዓት ቢያበሩት ለ140 ምሽቶች ይበቃል። በወር ስምንት ጊዜ በሚጋገርበት ቤት የምጣዱ ፍጆታ ብቻ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህም በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ዝቅተኛው ዋጋ ከሚታሰብበት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋል።

ስለሆነም ቁጠባው መጀመር ያለበት ከምጣዱ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ኃይል አንድም እንጀራ የማይገኝበት በመሆኑ፣ ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ ከመጋገር በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ መጋገር ይመረጣል። ሸክላው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ መጋገር ይቻላል፤ ይህን ብዙ እናቶች ከማንም ሳይማሩ ሲያደርጉት ኖረዋል። ከእያንዳንዱ ጋገራ ግማሽ ሰዓት ቢቀነስ የወሩ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 42 ዝቅ ይላል።

ወጥ ከፈላ በኋላ ምድጃውን በከፍተኛ ሙቀት ማቆየት ቶሎ ያበስላል የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ እሳቱ ቢጨመርም እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የውኃው ሙቀት ከዚያ አያልፍም። ክዳን ገጥሞ ሙቀቱን መቀነስ በቂ ነው።

አምፖል አጥፍቶ እንደገና ማብራት የበለጠ ኃይል ይፈጃል መባሉም መሠረት የለውም። በአንጻሩ የሞባይል ቻርጀር ከሶኬት መንቀል የወር ክፍያን በእጅጉ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ግማሽ ዋት የሚስብ ቻርጀር ወሩን ሙሉ ተሰክቶ ቢቆይ የሚፈጀው ኃይል ምጣዱ በሰባት ደቂቃ ከሚፈጀው ያንሳል።

በአንድ ቆጣሪ በርካታ አባወራዎች መጠቀማቸው ወጪ ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሦስት አባወራዎች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ቆጣሪው የሚመዘግበው 120 ነው፤ ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሦስቱም በዝቅተኛው ዋጋ ይስተናገዱ ነበር።