ወረራና ተራ፤ በአበሻ ሰንጠረዥ
የኢትዮጵያን የቀድሞ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ከሚለዩት ሕጎች ዋነኛው ወረራ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ ሁለቱም ባላጋራዎች በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። የእንግሊዙ ቆንስል ዎልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደገለጸው፣ ተጫዋቹ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን መልሶ ይለውጣል።

ተራ የሚጸናው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ብቻ ነው። ሕጉ ከመጀመሪያው የታወቀ ቢሆንም፣ ሥራውን የሚጀምርበት ጊዜ በድርጊት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከዚያች ቅጽበት ወዲያ የተሳሳተ አሰላለፍ አይታረምም፤ ዋጋውም ይከፈላል።

በዓለም አቀፉ ቼዝ ነጩ ይቀድማል፤ ተራው ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ አንሥቶ ይከበራል። ይህ ቼዝ ቦታውን ሲወርስ፣ ትዕግሥትንና ፍጥነትን በአንድነት ይፈትን የነበረው ወረራ ከገበታው ጠፋ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ጥናት ሥርዓቱን ከመረሳት ከጠበቁት ሥራዎች አንዱ ነው።