ጥማድና ቀላድ በቢቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አገር ገበሬ መሬቱን በገመድ አይለካም ነበር። መለኪያው ጥማድ ነው፤ ይኸውም ጥንድ በሬ ባንድ ቀን አርሶ የሚያድረው ቦታ ነው። ስለዚህ ጥማድ እንደ አፈሩ ይሰፋል፥ ይጠባል። ዋልካው በክረምት እግር ይይዛል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በሬውንም ቶሎ ያደክማል። ለሩቅ ተመልካች ደፈናዊ ግምት የሚመስለው ይህ ልክ ለአራሹ የተጣራ ዕውቀት ነበር። የትኛው ማሳ ጤፍ እንደሚወድ፥ የትኛው ውሃ እንደሚያቍር በልጅነቱ ከአባቱ ሞፈር ኋላ እየሄደ፥ በእጁና በእግሩ ተምሮታልና።

መንግሥት የሚሻው ዕውቀት ግን ሌላ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር መደበ። ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ ይህን ለመወሰን መለካት ግድ ነው፤ መለኪያውም ርዝመቱ 66 ሜትር ገደማ የሆነው ቀላድ የሚባለው ገመድ ነው። ጎጃም አልቀበልም ስላለ በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ከበጌምድርና ከትግራይ ጋር በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተተወ።

ቀላድ ያስፈራው በግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከዓባይ ማዶ በደቡቡ አገር ቀላድ በተጣለበት ስፍራ ሲሶው ለባላባት ቀርቶ ሌላው ለመንግሥት፥ ለሹምና ለወታደር ሲመደብ፥ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ርስቱን በአባቱም በእናቱም ወገን ቈጥሮ ለሚይዝ የጎጃም ሰው ገመዱ የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ነበር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ዐሥራትን ሽሮ ግብሩን በገቢ መጠን ስለሚያስከፍል በወረቀት ሲታይ ለድሃው የከፋ አልነበረም። ቀላድ ጣሉም አይልም፤ ምርቱ በገማቾች ይገመት ነው የሚለው። ነገር ግን የቆመ አዝመራ ምርት አይደለም። በረዶ አለ፥ ዝንጀሮ አለ፥ በነዶው ላይ ዝናብ አለ፤ ከአውድማ ጐተራ እስኪገባ የሚጐድለውን መንገድ አላፊ ዓይን አያየውም። ገበሬው ደግሞ ገማቹን ሲያይ ከኋላው ቀላድ ጣዩን አየ። አዋጁን በቃሉ ካነበቡት ተሳስቷል፤ ያለፈውን ካሰቡት ግን ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም።

በዚያው ዓመት ቢቸና፥ ሞጣና ዳሞት አመፁ። ገማቾች ከየቀበሌው ተመለሱ፤ ጦር ሠራዊት ዘመተ፥ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ እንደ ራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፥ ውዝፍ ግብር ተማረ፥ አዲሱም ግብር በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ።

ርስት በሕግ የቀረው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው በተባለ ጊዜ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ የማሳው ድንበር የተጻፈበት አዋሳኞቹን በአራቱ ማዕዘን በስም በመጥራት ነበር፤ ምስክሮቹም እዚያው አጠገቡ የሚያርሱት ጎረቤቶች ነበሩ።