ዛፉ ሥር የተባለው

ተማሪዎቼ፣ አጋሮ ሳለሁ የሆነውን ላውጋችሁ። አንድ ቡና ነጋዴ በገበሬው ቡና ላይ ሚዛን ማጉደሉን ጃርሱማ ፊት አመነ። ዕርቁ ግን ፈረሰ፤ ፍርድ ቤት ገቡ። አንዱ ሽማግሌ ለምስክርነት ተጠሩ። «ዛፉ ሥር የሰማሁትን እዚያው ትቼዋለሁ» አሉና ዝም።

ያኔ የሚደግፋቸው ሕግ አልነበረም ማለት ይቻላል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3318 እስከ 3324 ስለ ዕርቅ ይናገር ነበር፤ ስለ ምስጢር ግን ብፈልግ አጣሁ። በዕርቅ ላይ የተነገረ ነገር በሙግት ማስረጃ እንዳይሆን የከለከለው በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ነው። የጅማ ሽማግሌ አዋጅ አልጠበቀም። አንዴ ካወራ፣ ነገ ማን ገመናውን ይነግረዋል?

ቢሆንም ለገበሬው ዛሬም አዝናለሁ። የጎደለችው ቡና የዓመት ጉርሱ ነበረች።